የጋላባት ኮረብታና ምሽጉ

ጋላባትና መተማ በሱዳንና በኢትዮጵያ ወሰን ላይ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ከተሞች ናቸው። የሚለያቸውም በክረምት ውሃ የሚሞላ፣ በበጋ ግን ደርቆ በእግር የሚሻገሩት አንድ ጠባብ ፈፋ ነው። በስተ ምዕራብ ያለችው ጋላባት በሱዳን የገዳሪፍ ግዛት ትቆጠራለች፤ በስተ ምሥራቅ ያለችው መተማ ዮሐንስ በኢትዮጵያ የአማራ ክልል ናት። ከጋላባት በኩል ፈፋውንና መተማን ቁልቁል የሚመለከት አንድ ኮረብታ አለ። በኮረብታውም ራስ ላይ በጦርነት ታሪክ ስሙ ደጋግሞ የተነሣ ምሽግ ነበረ። ይህ መግለጫ የተዘጋጀው ሥፍራውን ለመጎብኘት የሚያስብ ሰው ምን እንደሚያይና ያየውንም በምን ዓይን መመልከት እንደሚገባው ለማስታወቅ ነው።

የጥንት ምሽግ በኮረብታ ላይ ሲባል የብዙ ሰው አሳብ ወደ ጎንደር ግንቦች ወይም ወደ ጉዛራ ይሄዳል። ጉዛራ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ በእንፍራንዝ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ አፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ቤተ መንግሥት ነው። በ1972 ዓ.ም. ከጎንደር ግንቦች ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በዚያ ሥፍራ ድንጋይና ኖራ፣ ክብ ማዕዘንና ሰፊ መስኮት የነገሥታቱን ክብር ይናገራሉ። የጋላባት ምሽግ ግን የንጉሥ ማደሪያ አልነበረም፤ ወታደር የሚጠብቀው ካብና ጉድባ ብቻ ነበር። ስለዚህ የሕንፃ ውበት ፈልጎ ወደዚያ የሚወጣ ሰው ቅር ተሰኝቶ ይመለሳል። ምሽጉ ለምን በዚያ ቦታ እንደ ተሠራ የሚጠይቅ ሰው ግን ከኮረብታው ራስ ላይ ሆኖ መልሱን በዓይኑ ያገኘዋል። መልሱም ከበታቹ የሚያልፈው ጎዳና ነው።

ስለ ጎዳናው

ከገዳሪፍ እስከ ጋላባት በዶካ በኩል 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አገሩ ሜዳ፣ መሬቱም ጥቁር ዋልካ ሲሆን ማሽላና ሰሊጥ በሰፊው ይዘራበታል። ከመተማ እስከ ጎንደር ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መንገዱ በሸኸዲ፣ በነጋዴ ባሕርና በጭልጋ አይከል አልፎ ከአዘዞ ይደርሳል። መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ያህል ከፍታ ብቻ ሲኖራት፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ጋላባትና መተማ የሜዳው መጨረሻና የዳገቱ መጀመሪያ ናቸው ማለት ይቻላል። በግመል የመጣው ጭነት በበቅሎና በአህያ የሚለወጠው፣ የደጋው ነጋዴና የቆላው ነጋዴ የሚገናኙት በዚህ ዓይነት ሥፍራ ነው። ምሽግ ከመሠራቱ በፊት በዚህ ቦታ ገበያ የቆመውም በዚህ ምክንያት ነው።

የስሞቹም ነገር ይህንኑ ይመሰክራል። ጋላባት የሚለው ስም ጀላባ ከሚባሉት የሱዳን ነጋዴዎች ስም ጋር ይያያዛል ተብሎ ይነገራል። ገዳሪፍም ራሷ ቀድሞ ሱቅ አቡ ሲን፣ ማለት የአቡ ሲን ገበያ ትባል ነበር፤ አቡ ሲን የሹክሪያ ጎሣ አለቆች ቤት ስም ነው። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ መንገደኛው የሚያልፍበት ነጋዴ ባሕር የነጋዴን ስም ይዞ እስካሁን አለ። በሁለቱ አገሮች ያሉት መንደሮች ስማቸውን ያገኙት ከጦር አለቃ ሳይሆን ከሻጭና ከገዢ መሆኑን ጎብኚው ልብ ሊል ይገባዋል።

ገበያው ከምሽጉ በፊት

የጎንደር መንግሥትና የሰናር የፉንጅ መንግሥት በነበሩበት ዘመን በሁለቱ መካከል የነበረው ግንኙነት አንድ ጊዜ በንግድ፣ አንድ ጊዜ በጦር ነበር። በ1691 ዓ.ም. ታላቁን አፄ ኢያሱን ለማከም የተጠራው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በሰናር በኩል አልፎ ጎንደር ገባ። አፄ ኢያሱ ዳግማዊ ደግሞ በ1736 ዓ.ም. ሠራዊት ይዘው ወደ ሰናር ዘምተው በዲንደር ወንዝ አጠገብ ድል ሆኑ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወደ ሰናር ሲወርድ ያለፈው በዚሁ የወሰን አገር ነው። በዚያን ጊዜ አገሩ ራስ አል ፊል ይባል ነበር፤ በዐረብኛ የዝሆን ራስ ማለት ነው።

ገበያውን ያደረጁት በተለይ ተክሩር የተባሉት ሕዝብ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካለው የምዕራብ አፍሪካ አገር ለሐጅ ወደ መካ የሚሄዱና የሚመለሱ እስላሞች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ በመንገዱ ላይ ቀርተው አገር አቀኑ። ሼኮቻቸውም በ19ኛው መቶ ዓመት በአንድ በኩል ለኢትዮጵያ መኳንንት፣ በሌላ በኩል በሱዳን ለሠለጠነው ለግብፅ መንግሥት ግብር ይከፍሉ ነበር። ለሁለት ጌታ መገበር ከባድ ሸክም ይመስላል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ወገኖች ገበያው እንዳይጠፋባቸው ይፈልጉ ስለ ነበር፣ ግብሩ ለገበያው ሰላም የተከፈለ ዋጋ ሆኖ ይቈጠር ነበር።

በ1854 ዓ.ም. በዚያ ያለፈው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ስለ ገበያው ጽፏል። ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ ማርና በቅሎ ይወርድ ነበር፤ ከቆላው ጥጥ ይመጣ ነበር። ከዚህም ጋር በገበያው ባሪያ ይሸጥ እንደ ነበረ ሊሰወር አይገባም። ስለ አሮጌ ገበያ መልካሙን ብቻ የሚናገር ሰው፣ ታስረው በዚያ መንገድ የተነዱትን ሰዎች ይረሳል።

ጎዳናው የጦር መንገድ መሆኑም አልቀረም። የቋራው ካሣ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ በ1840 ዓ.ም. በዚሁ የወሰን ቆላ ደባርቂ በተባለ ሥፍራ ከግብፅ ሠራዊት ጋር ተዋግተው ድል ሆኑ። መድፍና ሥርዓት ያለው ሠራዊት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያዩት በዚያ ነው። ከነገሡ በኋላም መድፍ ለማሠራት ያሳዩት ትጋት ከዚህ ቀን ጋር ሳይያያዝ አይቀርም።

ደርቡሽና አፄ ዮሐንስ

በሱዳን መሐዲ ተነሥቶ የግብፅ መንግሥት ሲናወጥ በጋላባት የነበረው የግብፅ ጦር ተከበበ። በግንቦት 1876 ዓ.ም. በዐድዋ በተፈረመው ውል አፄ ዮሐንስ 4ኛ የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ተስማሙ። ቃላቸውንም ጠብቀው የጋላባትን ጦር በሰላም አስወጡ። ይሁን እንጂ ይህ ደግ ሥራ ከደርቡሾች ጋር ጠላትነትን አመጣ።

በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወደ መተማ ወርደው የደርቡሾቹን አሚር ገድለው ከተማይቱን አጠፉ። በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም. ሐምዳን አቡ አንጃ የተባለው የደርቡሽ የጦር አለቃ በዚሁ ጎዳና ወጥቶ በደምቢያ በሳር ውሃ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ድል አደረገ። ከዚያም ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ብዙ ሕዝብም ተማረከ። ከእሳቱ ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። በዚህ ዓይነት አንዱ ወገን ገበያውን ሲያጠፋ፣ ሌላው ወገን የጎዳናውን መድረሻ አጠፋ።

አፄ ዮሐንስ ይህን ለመበቀል እጅግ ብዙ ሠራዊት ይዘው ወደ መተማ ወረዱ። አቡ አንጃ ቀደም ሲል ሞቶ ስለ ነበር በምትኩ ዘኪ ጡማል የተባለው አለቃ ሥፍራውን በእሾህ አጥርና በጉድባ አጥሮ ጠበቃቸው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት የኢትዮጵያ ሠራዊት አጥሩን ጥሶ ገባ፤ ድሉም የኢትዮጵያውያን ሊሆን ተቃርቦ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ። ወሬው በተሰማ ጊዜ ሠራዊቱ ተፈታ። አፄ ዮሐንስም ራስ መንገሻን ልጄና ወራሼ ነው ብለው ተናዝዘው በማግሥቱ ዐረፉ። አስከሬናቸውን ይዞ ወደ አገሩ የሚመለሰውን ጦር ደርቡሾች በአትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱበት። የንጉሡን አስከሬን ላለማስማረክ ሲዋጉ ራስ አርአያ ከብዙ ሰዎች ጋር ወደቁ። የንጉሠ ነገሥቱም ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ጎብኚውን ሊያሳስበው ይገባል። ድል ያደረገው የደርቡሽ ሠራዊት በዚያ ጦርነት ዋናውን ኃይሉን አጣ። ዘኪ ጡማልም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጌታው በኸሊፋው ትእዛዝ ታስሮ ሞተ። በዚያው ዓመት በሱዳን ብርቱ ረኃብ ገባ፤ በኢትዮጵያም የከብት ዕልቂት ያመጣው ክፉ ቀን ሕዝቡን ይፈጅ ጀመር። ሁለቱ ጎረቤታሞች እርስ በርሳቸው ሲዳከሙ ጣሊያኖች በሰሜን ተስፋፉ። በ1882 ዓ.ም. ኤርትራ የተባለውን ቅኝ ግዛት አቋቋሙ፤ በ1886 ዓ.ም. ደግሞ ከሰላን ከደርቡሾች እጅ ወሰዱ። ስለዚህ በመተማ ሜዳ ላይ ማን አሸነፈ ለሚል ጥያቄ፣ ከተዋጉት አንዱም አላሸነፈም የሚለው መልስ ከእውነት አይርቅም።

ወሰኑ እንዴት ተሠመረ

የኸሊፋው መንግሥት በኦምዱርማን በ1890 ዓ.ም. መጨረሻ ከተሸነፈ በኋላ ገዳሪፍ በእንግሊዝና በግብፅ ጦር እጅ ገባች። በ1891 ዓ.ም. የእንግሊዝ መኮንኖች የሚያዝዙት ጦር ጋላባት ሲደርስ በዚያ የኢትዮጵያ ባንዲራ ተሰቅሎ አገኘ። ነገሩ ወደ ጦርነት እንዳይሄድ ጉዳዩ በመንግሥታት ንግግር እንዲያልቅ ተደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላም፣ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት የወሰኑን ውል ተፈራረሙ። በውሉ መሠረት ጋላባት ወደ ሱዳን፣ መተማ ወደ ኢትዮጵያ ቀረች። መሥመሩን በምድር ላይ ምልክት ያደረገው ግዊን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ነው፤ ሥራውንም የሠራው በፈረንጆች ዘመን 1903 ላይ ነው። ሁለቱ መንግሥታት በ1964 ዓ.ም. በደብዳቤ ልውውጥ ስለዚሁ መሥመር እንደ ገና ተነጋገሩ። ይሁን እንጂ ከጋላባት በስተ ሰሜን ባለው ለም መሬት ላይ የሚነሣው ክርክር ገና አልተዘጋም።

አንድ ገበያ የነበረው ሥፍራ በዚህ ውል ሁለት ከተማ ሆነ። ፈፋው ድሮም ነበረ፤ ከውሉ በኋላ ግን በወዲህና በወዲያ ኬላ ቆመ፣ ጉምሩክ ተሾመ። ኮረብታውም ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ገበያ የሚጠበቅበት መሆኑ ቀርቶ ወሰን የሚጠበቅበት ሆነ።

በጣሊያን ጦርነት ጊዜ

ጣሊያን ኢትዮጵያን በግፍ በያዘበት ዘመን መተማ በጣሊያን፣ ጋላባት በእንግሊዝ እጅ ነበረች። ጣሊያን በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ባወጀ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፣ ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ፈፋውን ተሻግሮ በኮረብታው ላይ የነበሩትን ጥቂት የሱዳን ወታደሮች አስለቅቆ ምሽጉን ያዘ። በዚሁ ቀን ከሰላም በጣሊያን ተያዘች። ጣሊያኖቹ ኮረብታውን በሽቦና በጉድባ አጠናከሩት።

ነገር ግን ምሽግ መያዝ አገሩን ሁሉ መያዝ አይደለም። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ የመሩት አነስተኛ ቡድን ከመተማ በስተ ደቡብ በጫካ ተሻግሮ ወደ ጎጃም አርበኞች ገባ። በጥር 1933 ዓ.ም. ደግሞ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚያ ይልቅ በራቀው በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ። የተጠናከረው ኮረብታ ሁለቱንም ሊከለክል አልቻለም።

በጋላባት የነበረውን ጣሊያን እንዲያስለቅቅ የታዘዘው 10ኛው የህንድ ብርጌድ ሲሆን አዛዡ ብርጋዴር ዊሊያም ስሊም ነበር። ስሊም በኋላ በበርማ ጦርነት ስሙ የተጠራ፣ የፊልድ ማርሻል ማዕርግም ያገኘ ሰው ነው። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጋት ላይ አውሮፕላንና መድፍ ኮረብታውን ከደበደቡ በኋላ ከሂማላያ ተራራ አገር የመጡ የጋርዋል ወታደሮች ከታንኮች ጋር ሆነው ወጡ። በዚያው ጧት ምሽጉን ያዙ። ይሁን እንጂ ከአሥራ ሁለቱ ታንኮች አብዛኞቹ በሣር ውስጥ በተሸሸገው ድንጋይና በፈንጂ ተሰብረው ቀሩ። ወዲያው የጣሊያን አውሮፕላኖች በሰማይ በረቱ። በኮረብታው ላይ ያለው መሬት ድንጋያማ ስለ ነበር ወታደሩ መደበቂያ ጉድጓድ መቆፈር አልተቻለውም። ስሊም መተማን ሳይይዝ ጦሩን ወደ ኋላ መለሰ፤ በኋላ በጻፈው መጽሐፍም ይህን ውሳኔውን ራሱ ነቅፏል።

በዚያን ዕለት በአንዲት ትንሽ ኮረብታ ላይ የተዋጉትን ሰዎች አገር ማሰብ ይጠቅማል። በአንድ በኩል ህንዶችና እንግሊዞች፤ በሌላው በኩል ከጣሊያን መኮንኖች በታች የተሰለፉ ከቅኝ ግዛቱ የተመለመሉ የአገር ተወላጆች ነበሩ። ከሞቱት አብዛኞቹ ስለ ጋላባት ገበያ ከዚያ በፊት የሰሙት ነገር አልነበረም።

ጣሊያኖች ራሳቸው መተማን የለቀቁት በጥር 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ሲሸሹም ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ በፈንጂ ሞሉት። ከዚህ በኋላ የሆነው ሥራ በጋላባት ታሪክ ውስጥ ልዩ ሥፍራ ሊሰጠው ይገባል። ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ ወጣት የህንድ መሐንዲስ መኮንን ለአራት ቀን ያለ ዕረፍት ከጦሩ ፊት ፊት እየሄደ 88 ኪሎ ሜትር በሚያህል መንገድ ላይ 15 የፈንጂ ቦታዎችን አጸዳ። የተቀመጠበት ተሽከርካሪ በፈንጂ ተመትቶ አጠገቡ የነበሩ ሰዎች ሲሞቱ እርሱ ሥራውን አልተወም። ስለዚህም ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን ተሸለመ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ይህን ኒሻን የተቀበለ የመጀመሪያው የህንድ መኮንን እርሱ ነው። ኒሻኑ የተሰጠው መንገድ በመዝጋት ወይም ሰው በመግደል ሳይሆን የተዘጋውን መንገድ በመክፈት መሆኑ የሚታወስ ነው። የጎንደር የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነበር።

መንገዱ ለስደተኞች

ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን በዚህ ወሰን የተሻገረው ከሠራዊት ይልቅ ስደተኛ ነው። በ1977 ዓ.ም. በነበረው ረኃብና ጦርነት ጊዜ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገብተው በገዳሪፍ ዙሪያ ባሉት ሠፈሮች፣ ከእነዚህም በኡም ራኩባ ተጠልለዋል። በዚያው ዓመት ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን በብዛት የተሰበሰቡት በእነዚህ ሠፈሮች ነበር፤ ብዙዎችም ከዚያ ሳይደርሱ በመንገድና በሠፈር በበሽታ አልቀዋል። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ኡም ራኩባ እንደ ገና ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ተከፈተ።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ከካርቱምና ከሌሎች ከተሞች የሸሹ ብዙ ሺህ ሱዳናውያንና በሱዳን ይኖሩ የነበሩ የልዩ ልዩ አገር ሰዎች በጋላባት አልፈው፣ ፈፋውን ተሻግረው ወደ መተማ ገቡ። ትናንት አስጠጊ የነበረው ዛሬ ተጠጊ ሆነ። ለእነዚህ ሰዎች ከኮረብታው ምሽግ ይልቅ የሚያሳስባቸው ከኮረብታው በታች ያለው ድልድይ ክፍት መሆኑ ወይም አለመሆኑ ነበር። በዚያ ሥፍራ በማናቸውም ዘመን ለሥልጣን የተቀመጠ ሹም ይህን ሊዘነጋ አይገባውም፤ ዛሬ በሩን የሚዘጋበት ሰው ነገ በሩን የሚከፍትለት ሊሆን ይችላልና።

ለጎብኚው የሚሰጥ ምክር

አንደኛ፤ ሥፍራው የወሰን ሥፍራ በመሆኑ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ፈቃድና ወሬ ነው። በሱዳን ከተነሣው ጦርነት የተነሣ፣ በኢትዮጵያም በኩል በአማራ ክልል ከደረሰው ግጭት የተነሣ መንገዱ ለመንገደኛ አስጊ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ጸጥታው መመለሱን ከሁለቱም ወገን ሹማምንት ሳያረጋግጡ መነሣት አይገባም። ፎቶግራፍ ለማንሣትም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ ለጉዞ የሚመረጠው ወራት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የዋልካው ጭቃ ከዋናው መንገድ ወጣ ያለውን ሁሉ ይይዛል፤ የወባ በሽታም ይበረታል። ከየካቲት በኋላ ሙቀቱ ይከብዳል። ውሃ መያዝና ማለዳ መውጣት ይሻላል።

ሦስተኛ፤ ጦር በሠፈረበትና ፈንጂ በተቀበረበት አገር ከመሬት ላይ የተገኘ ብረት መንካት አይገባም፤ ሕዝቡ ከሚሄድበት የእግር መንገድም መውጣት አደገኛ ነው። ከካብ የወደቀ ድንጋይ ቢገኝ እንኳ ከቦታው ማንሣት ነውር ነው፤ የቀረውን ታሪክ የሚያጠፋው ጦርነት ብቻ አይደለምና።

አራተኛ፤ ጎብኚው ከኮረብታው ላይ በቆመ ጊዜ በመጀመሪያ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያድርግ። በዚያ በኩል ያለው እስከ ገዳሪፍ የሚዘልቀው የማሽላና የሰሊጥ ሜዳ ነው። ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ ይዙር። ከፈፋው ማዶ ስሟ ከወደቁት ንጉሥ ስም ጋር የተያያዘው መተማ ዮሐንስ ትታያለች፤ ከእርስዋም ወዲያ ወደ ጭልጋ ደጋ የሚወጣው አቅጣጫ ነው። ከዚህ በኋላ ወርዶ ገበያውን ይይ። በሁለቱም ወገን አማርኛና ዐረብኛ የሚያውቅ ነጋዴ፣ የሁለቱንም አገር ገንዘብ የሚመነዝር ሰው አይጠፋም።

መደምደሚያ

በጋላባት ኮረብታ ላይ የግብፅ፣ የደርቡሽ፣ የእንግሊዝና የጣሊያን ጦር በየተራው ሠፍሯል፤ ከእነዚህ አንዱም ዛሬ በዚያ የለም። የያዙት ጊዜ ሁሉ ቢደመር ገበያው ከኖረበት ዘመን ጋር የሚተካከል አይደለም። ምሽጉ በፈረሰ ቍጥር እንደ ገና የሚሠራው በሩቅ ከተማ በተሰጠ ትእዛዝ ነበር፤ ገበያው ግን በተቃጠለ ቍጥር የሚመለሰው ማንም ሳያዝዘው፣ የቆላው ሰው የደጋውን፣ የደጋውም ሰው የቆላውን ስለሚፈልግ ብቻ ነው። ጎብኚው ከኮረብታው ሲወርድ ይህን ይዞ ቢመለስ የመጣበትን ፍሬ አግኝቷል። ጎዳናውን የሚጠብቅ ሹምም በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ይህንኑ እያሰበ ቢሆን መልካም ነው።